ሁለተኛ ማዕረግ፣ ከውጭ የተቆለፈ

ብረት ቆራጩ የጋዙን እሳት አጠፋ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ ከአሮጌው የመንገደኞች ፉርጎ ጎን በቆረጠው ቀዳዳ አንገቱን አስገባ። ወዲያው መልሶ አወጣው።

«ኧረ ጉድ! ሰው ተኝቷል።»

ባልንጀራው ሳቀበት። «በዚህ ምድጃ ውስጥ ማን አባቱ ይተኛል? ወንበር ይሆናል ያየኸው።»

«ወንበር ጫማ ያደርጋል እንዴ?»

ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ።

የተኛው ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ለግላጋ ልጅ ነበር። ከበሩ ሥር ተኮራምቶ፣ ጉንጩን በበሩና በወለሉ መካከል ካለችው ስንጥቅ ላይ ለጥፎ፣ አየር እንደ ውሃ ሊጠጣ የፈለገ መስሎ ደርቋል። አንገቱ ላይ በፊልም የሚሠራ አሮጌ ካሜራ ተንጠልጥሏል። የሁለቱም እጆቹ አንጓ ተልጧል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ፀሐይዋ ብረቱን ማጋል ጀምራ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ይቺን ሴት «እትዬ ሥጋት» ነው የሚሏት፤ ከጀርባዋ ማለት ነው። ሐሰትም አይደለም። ሳጅኑ ካስነጠሰ ሎሚ የምትልክ፣ ሰማይ ከጠቆረ «ልጄ ጃንጥላ ይዛ ይሆን?» ብላ ስብሰባ አቋርጣ የምትወጣ ሴት ናት። የወለደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ልጁን ባየች ጊዜም መጀመሪያ ያሰበችው ገዳዩን አይደለም፤ «ይሄን ማን ይጠብቀው ይሆን፣ ማታ ምግቡን ከድና ያደረች ማን ትሆን?» የሚለውን ነው።

«የመታው ሰው የለም» አለ ወፍራሙ ሳጅን ላቡን እየጠረገ። «ሐኪሙ እንደሚለው አስም አለበት። አቧራው አፍኖት ነው። የሚተነፍስበት ፓፍ ግን ኪሱ ውስጥ የለም። ስልኩም የለም።»

«ታዲያ ለምን አልወጣም?»

«በየት በኩል? ሌባ ወንበር እንዳይነቅል ብለው መስኮቶቹን በላሜራ በይደዋቸዋል። የበሩን የውስጥ እጀታ ሌቦች ከወሰዱት ቆይቷል። በሩ ደግሞ ከውጭ ተቆልፏል።»

ኢንስፔክተሯ ወርዳ በሩን አየችው። ሰንሰለት የለው፣ ቁልፍ አልተንጠለጠለበት፤ አንዲት አራት ማዕዘን ጉድጓድ ብቻ። ልኳን ቁልፍ የያዘ ካልሆነ በቀር ማንም አይዘጋት፣ ማንም አይከፍታት። ከደረጃው ሥር ደግሞ የእንጨት ሽብልቅ አገኘች፤ በር እንዳይዘጋ ከሥሩ የሚሸጎጥ ዓይነት ነው። አልተወረወረም። ማንም እንዳይደናቀፍበት ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

«ስማ» አለችው ሳጅኑን። «በሩ መቆለፉን ከእኛ ሌላ ጆሮ እንዳይሰማው። ቆራጮቹንም አፋቸውን አሲዛቸው። የቆለፈው ሰው ራሱ አምልጦት ይናገራል።»

ከዚያ ከፉርጎው ጀርባ ዞር ብላ ለልጇ ደወለች።

«የት ነሽ?»

«ቤት።»

«ምሳ በላሽ?»

«እማዬ፣ ዛሬም ሬሳ አየሽ አይደል?»

* * *

የሟች አያት ፖሊስ ጣቢያው የደረሱት የአሮጌ ባቡር ሠራተኛ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው። ዕድሜያቸውን በባቡር ላይ ትኬት ሲቆርጡ አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጁ ወላጆቹን በጨቅላነቱ ስላጣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። «ዓይኔ» ነበር የሚሉት።

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ያንን ጓደኛውን፣ ቀጮን ያዙልኝ! እዚያ የብረት መቃብር ውስጥ የሚያንከራትተው እሱ ነው፤ ፎቶ ነው፣ ጥበብ ነው እያለ። የሞተ ፉርጎ ምኑ ይነሳል? እኔ ከልክዬው ነበር ልጄ። ደረቱ ደካማ ነው፤ የዚያ ቦታ አቧራ ለእሱ መርዝ ነው። ‹አባባ ይሙት፣ ሁለተኛ አልረግጠውም› ብሎ ማለልኝ። በእኔ ሞት!»

«ማታ ሲቀር የት ፈለጉት?»

«የት ያልፈለግንበት አለ! ሆስፒታሉን፣ ሰፈሩን፣ የጓደኞቹን ቤት። እዚያ ግን ማንም አልሄደም። ምሏላ! በእኔ ሞት ምሎ እንዴት ይሄዳል ብዬ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ያንን ልጅ ካልሰቀላችሁልኝ ሕግ አለ አልልም።»

ኢንስፔክተሯ ሌላ ልትጠይቃቸው ያሰበችው ነበር። ዓይናቸውን አይታ ዋጠችው፤ ውሃ አስመጣችላቸው። ሲወጡም ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለችላቸው። የኋላ ቀበቶው በአንድ አዝራር ብቻ ተንጠልጥሏል። መርፌና ክር በእጇ ቢኖር እዚያው ትሰፋላቸው ነበር።

* * *

የፉርጎዎቹ ግቢ ዘበኛ ሬዲዮውን ዝቅ ሳያደርግ መለሰላት።

«ማንም አልገባም እመቤቴ።»

«ታዲያ ልጁ በክንፍ ነው የገባው?»

ዘበኛው ሬዲዮውን ዘጋ። «እነዚህ ፎቶ አንሺዎች… ሲጋራ ይሰጡኛል፤ እኔም ፊቴን አዞራለሁ። ምን ይወስዳሉ? ፎቶ ነው። ብረቱን አይቀንሰው።»

«ያን ቀንስ?»

«ሁለት ሆነው ገቡ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ብቻውን ወጣ፤ ያ ቀጫጫው። ቦርሳ አንግቶ፣ ፊቱን እንደ ከሰል አጥቁሮ። ሰላም ብለው እንኳን አልመለሰልኝም።»

«ሌላስ?»

ዘበኛው ጫማውን አየ። «ሌላማ… ሌላ ምን አለ?»

«የእነዚህን በሮች ቁልፍ የያዘ ማን አለ?»

«ዱሮ የባቡር ሰው ሁሉ ነበረው። ጡረታ ሲወጣ ያስረክባል። አሁን አንድ ያየሁት ብረት በላ ጠረጴዛ ላይ ነው።»

ብረት በላ የሚሉት ፉርጎዎቹን ገዝቶ የሚያስቆርጠውን የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው። ልጁን የሚጠላበት ምክንያት ነበረው። ልጁ ያነሳቸው ፎቶዎች በየስልኩ ሲዞሩ ሰው «እነዚህማ መቆረጥ የለባቸውም» ብሎ ተነሳና ሥራው ክረምቱን ሙሉ ቆሞበት ከረመ።

«ጠልቼዋለሁ፤ አልዋሽሽም» አላት ከወንበሩ ሳይነሳ። «ግን የጠላሁትን ሰው ብገድል፣ በማግስቱ በራሴ ሠራተኞች አስቆርጬ አወጣዋለሁ? ሞኝ እመስላለሁ?»

«አይመስሉም።»

«እንዴት ያለ ምርቃት ነው!»

«ይሄ ቁልፍስ?» ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው።

«እሱ ለእኔ ለውዝ መስበሪያ ነው።»

እውነቱን ነው። አፉ ተሰብሮ ዝጓል፤ ሳጅኑ በአንዱ በር ቢሞክረው እንደ ልብ ዞረ እንጂ ምንም አልያዘም። ብረት በላ በዚያ ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረም ሐኪም ቤት ጠየቁ። ሚስቱ ስትወልድ ደጅ ቆሞ ነበር። «እንዴት እንረሳዋለን?» አለች አዋላጇ። «ከምትወልደው በላይ የጮኸው እሱ ነው።»

* * *

ቀጮ መጀመሪያ «አልሄድኩም» አለ። ሳጅኑ ከአልጋው ሥር ቦርሳውን ጎትቶ ሲያወጣ ግን ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። በቦርሳው ውስጥ የሟቹ ስልክ ነበር። ፓፉም ነበር።

«ይሄን እያወቅህ ነው የወሰድከው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አላወቅኩም እትዬ! ቦርሳው ትከሻዬ ላይ ነበር። እሱ ፎቶ ሲያነሳ ሁሌ እኔ ነኝ የምይዝለት። ተጣላንና እንዳነገትኩት ወጣሁ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

ከንፈሩን ነከሰ። «የሱን ፎቶ… በስሜ ለኤግዚቢሽን ላክሁት። ተመረጠ። ሊነግሩኝ ሲደውሉ ሰማ። ‹ዓይኔን ነው የሰረቅኸኝ› አለኝ። እኔም ተሳደብኩ።»

«ስትወጣ በሩ እንዴት ነበር?»

«ክፍት። ሽብልቁን ያስገባሁት እኔው ነኝ። ደንብ አለን፤ የሰው ዕቃ አናነሳም፣ በር ሳንደግፍ አንገባም። ኮቴ ከሰማን ደግሞ ድርግም ነው፤ ዘበኛም ይሁን ማን፣ እስኪያልፍ ትንፋሻችንን ዋጥ እናደርጋለን።»

«ማታ እቤቱ አለመግባቱን አልሰማህም?»

ያን ጊዜ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። «ስልኩ ቦርሳው ውስጥ ሲጠራ አመሸ። ‹አባባ› ይላል። ደጋግሞ ‹አባባ› ይላል።»

«ለምን አላነሳኸውም?»

«ሌባ ይሉኛል ብዬ። ፎቶውንም፣ ቦርሳውንም… ነገ እወስድለታለሁ አልኩ። እትዬ፣ ነገ አልኩ!»

ሳጅኑ እንኳን፣ ያ ልበ ደረቁ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ።

በጣቢያው አለቃዋ ኮማንደሩ ግን ፊቱን አላዞረም። «ቦርሳውን ወስዷል፣ ዋሽቷል፣ ጠብ ነበራቸው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«በሩን የቆለፈበትን ቁልፍ፣ ጌታዬ።»

«ጥሎታል።»

«ከየት አምጥቶ?»

«ከወደቀበት አንስቶ! አንቺ መቼም ሁሉን ልጅ እንደ ልጅሽ ነው የምታይው። ነገ ጧት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ። በሰው መግደል።»

ስትወጣ የቀጮ እናት ደጁ ላይ ቆማ አየቻት። ብርድ ልብስና ሳህን ይዛለች። ማንም አላስገባትም፤ እሷም አልሄደችም። «ሌሊት ይበርደዋል» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ገዳይ የተባለው ልጅ እናትም የሟች አያትም ጭንቀታቸው አንድ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቷታል። ከነገ በኋላ ያን ልጅ ከእስር የሚያወጣው ሰው አይገኝም።

* * *

አመሻሹ ላይ ሳጅኑን ይዛ ወደ ፉርጎዎቹ ተመለሰች።

ልጁ የሞተበት ሁለተኛ ማዕረግ ፉርጎ ከመሰሎቹ ጋር ተሰልፎ ቆሟል። ወደ ቀጣዩ ሄዳ በሩን ገፋችው። ዝግ ነው። ቀጣዩም ዝግ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውም።

«ቆራጮቹን ጥራልኝ።»

ቆራጩ እጁን እየጠረገ መጣ። «ከትናንት ወዲያማ ሁሉም እንደ ቁራ አፍ ተበርግደው ነበር። ጧት ስንመጣ ነው ተዘግተው ያገኘናቸው። ምን ቸገረን፣ እኛ ግድግዳውን ነው የምንቆርጠው።»

ኢንስፔክተሯ ሳጅኑን አየችው። «አንድ ሰው ሊገድል የመጣ ስንት በር ይዘጋል?»

«አንድ።»

«ይሄኛው ሰልፉን ሙሉ ዘግቷል። ሥራውን እየሠራ ነበር ማለት ነው።»

በየበሩ አጠገብ፣ በሰው ትከሻ ልክ፣ ዝገቱ ላይ የምት ምልክት አለ። ከሥር ያሉት አሮጌዎች ናቸው፤ ዝገት ጠጥተዋል። ከላይ ያሉት ግን ትኩስ ናቸው፤ ብረቱ ያበራል። በጣቷ ነካቻቸው።

«ባዶ ፉርጎ ምን ብሎ ይመታል?» አለ ሳጅኑ።

ትኩሶቹን ቆጠረች፤ በየበሩ ሦስት ሦስት ናቸው።

በከተማው ፊልም የሚያጥብ አንድ ፎቶ ቤት ብቻ ቀርቷል። ባለቤቱ ከልጁ ካሜራ የወጣውን ፊልም ከተቀበላት ጀምሮ ሲያጉረመርም ነው ያገኘችው። «ኬሚካሉ ያረጀ፣ እኔ ያረጀሁ፣ ደግሞ ቶሎ በል ይሉኛል! እጁ ግን የተባረከ ነበር። እይው።»

እርጥቦቹ ፎቶዎች ገመድ ላይ ተሰቅለዋል። ቆዳቸው የተቀደደ ወንበሮች። ባዶ የሻንጣ መደርደሪያ፣ በላዩ አንድ የሕፃን ጓንት። የተሰነጠቀ መስታወት ውስጥ ቀጮ ምላሱን አውጥቶ። በላሜራው ስንጥቅ የገባ የብርሃን ሰይፍ፣ በውስጡ የሚንሳፈፍ አቧራ። አቧራውን እንደ ወርቅ ነው ያነሳው፤ ያ የገደለውን አቧራ።

የመጨረሻው ፎቶ ጥቁር ነው። መሐሉ ላይ ብቻ አንድ ክብ ብርሃን አለ። የላሜራ ብሎን የወለቀበት ቀዳዳ ነው። ልጁ በዚያ ቀዳዳ ወደ ውጭ አንስቷል። በክቡ ውስጥ አንድ ሰው ሐዲዱን ይዞ ይሄዳል፤ ጀርባው ብቻ ይታያል። ረጅም ካፖርት ለብሷል። የካፖርቱ የኋላ ቀበቶ በአንድ አዝራር ተንጠልጥሏል።

«ወንበር ላምጣልዎት?» አለ ባለ ፎቶ ቤቱ። «ፊትዎ አመድ መሰለ።»

ከውጭ ቆማ ለዘበኛው ደወለች።

«ሽማግሌው ያን ቀን መጥተው ነበር?»

«በየቀኑ ይመጣሉ።»

«ምነው አልነገርከኝም?»

«የሟች አያት ናቸው ሲሉኝ አፌ ተያዘ። በቁስላቸው ላይ እንዴት እንጨት እሰዳለሁ?» ቀጥሎም፣ «እርስዎስ ጠይቀዋቸው ነበር?» አላት።

* * *

ሽማግሌው በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። ጠረጴዛው ላይ የልጁ ሳህን እንደተከደነ አለ።

«ፈረዳችሁበት?» አሉ ሳትቀመጥ።

«አባባ፣ አስቀድሜ ልጠይቅዎት ይገባ ነበር። ልጅዎ የጠፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ፉርጎዎቹ ዘንድ» አሉ ሳያመነቱ። «በየቀኑ እሄዳለሁ። ጡረታ ስወጣ ቁልፌን አላስረከብኩም፤ ይሄ ጥፋት ከሆነ እሰሪኝ። በሮቹን ያ ነጋዴ ከፍቶ ትቷቸዋል። ነገ መቁረጥ ይጀምራሉ ሲባል፣ የሰው ልጅ ገብቶ ይጎዳል ብዬ ያን ዕለት እየዞርኩ ዘጋኋቸው።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚዘጉት?»

«እንደ ደንቡ ነዋ!» ጀርባቸው ቀና አለ። «ትኬት ቆራጭ ፉርጎ ሲዘጋ፣ ከበሩ ሥር የተሸጎጠ ካለ አንስቶ ጥግ ያስይዛል፤ በቁልፉ ሦስቴ ጎኑን ይመታል። ‹ሰው አለ?› ይላል። ይጠብቃል። መልስ ከሌለ ይቆልፋል። በሥራ ዘመኔ አንድ መንገደኛ ቆልፌ አላውቅም።»

ኢንስፔክተሯ እጇን እጃቸው ላይ አደረገች። ከዚህ በላይ ማቆየት ጭካኔ ነው።

«አባባ፣ ልጅዎን የመታው ሰው የለም። ከውስጥ እያለ በሩ ከውጭ ተቆለፈበት። አቧራው አፈነው።»

መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም። ኋላ እጃቸውን ከእጇ ሥር ሳቡ።

«የትኛው ፉርጎ?»

«ሁለተኛ ማዕረጉ።»

«ጠርቻለሁ እኮ!» ጮኹ። «ጠርቻለሁ! ሰው አለ ብያለሁ! ሰው ካለ እኮ ይመልሳል፤ የትኛው መንገደኛ ዝም ይላል?»

አፏ ላይ ውሸት ነበር፤ ለስላሳ፣ የተዘጋጀ ውሸት። «እንቅልፍ ወስዶት ነበር» ማለት ትችላለች። ሽማግሌው ያምኗታል፤ የቀረቻቸውን ዕድሜ በዚያች ውሸት ይገፏታል። ነገር ግን የቀጮ እናት ሳህኗን ይዛ ደጅ ቆማለች። ያን ልጅ የሚያወጣው ደግሞ ይሄ ፎቶ ነው፤ ነገ መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ከባዳ አፍ ከሚሰሙት ከእሷ ይስሙት።

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ሽማግሌው አርቀው ያዙት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ የእኔ ካፖርት ነው» አሉ። «ማን ነው ያነሳኝ?»

ሽማግሌው ጥቁሩን፣ ክቡን፣ የራሳቸውን ጀርባ አዩ፤ ከየት ሆኖ እንደተነሳ ቀስ እያለ ገባቸው።

«ድምፄን ለይቶታል?»

«ለይቶታል።»

«ታዲያ ‹አባባ› አይለኝም? አንዲት ቃል! እዚያው ነበርኩ እኮ!»

«በእርስዎ ሞት ምሎ ነበር። መቆለፍዎን አላወቀም መሰለኝ። ካለፉ በኋላ እወጣለሁ ብሎ ነው።»

ሽማግሌው ፎቶውን በግንባሩ ደፉት። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆኗል። «ያንን ልጅ ፍቱት። ቦርሳውን ስለወሰደ አልምረውም፤ ግን ፍቱት።»

«ዛሬ ይፈታል።»

«ንገሪኝ፣ ልጄ፤ አንቺም ወልደሻል። ፈርቶኝ ነው?»

ልታጽናናቸው ፈለገች። የምትችለው ይሄን ብቻ ነበር።

«አክብሮዎት ነው፣ አባባ።»

«አከበረኝ» አሉ ሽማግሌው። ቃሉን እንደ መራራ ክኒን አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። «አከበረኝ… ምነው ስድ አድርጌ ባሳደግኩት!»